«ጄኔራሉ እማዬን ሊያገባት ነው!»

ፍቅር እንዴት ይዟችኋል? የተጣላችሁ ታረቃችሁ? ያኮረፋችሁስ ተለመናችሁ? መቼም ለዚህ ዓምድ በየሳምንቱ የሚደርሰው ደብዳቤ የእናንተው የወጣቶቹ ነው። «ስልኬን አላነሳ አለኝ»፣ «ከሁለቱ የቱን ልምረጥ»፣ «የልጅቷ ወንድም በቡጢ ሊለኝ ይፈልጋል»... የዛሬው ግን ለየት ይላል። የዛሬዋ ጸሐፊ የጻፈችው ስለ ራሷ ፍቅር አይደለም። ስለ እናቷ ፍቅር ነው!

ልጅቷ 24 ዓመቷ ነው፤ እዚሁ አዲስ አበባ በአንድ የግል መሥሪያ ቤት ትሠራለች። እናቷ 58 ዓመታቸው ሲሆን ባለቤታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት አልፏል። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ቀንጨብ አድርጌ ላቅርብላችሁ።

«...ለእማዬ ስማርት ስልክ የገዛንላት እኛው ልጆቿ ነን። ውጭ ያለው ወንድሜ በቪዲዮ እንዲያያት ብለን። ፌስቡክም የከፈትኩላት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የምታየው መዝሙርና የምግብ አሠራር ነበር። አሁን ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ስልኳ ቦግ ይላል። አንድ ቀን ሰርቄ ሳየው ፈረንጅ ጄኔራል ነው! ሽበቱ ያምራል፣ ሜዳሊያው ደረቱን ሞልቶታል። ሚስቱ በካንሰር ሞታበታለች፤ አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ናት። እሱ ጦር ሜዳ ላይ ነኝ ይላል። የሚጽፍላት በአማርኛ ነው። አማርኛው ግን ‹የእኔ ንግሥት፣ ዛሬ እንዴት አደርክ? አንተ በጣም ቆንጆ ነህ› የሚል ነው። በሳቅ ሞትኩ። ለእህቴም አሳየኋት፤ እሷም በሳቅ ፈረሰች። እማዬ ግን አኮረፈችን። የስልኳንም መክፈቻ ቀየረችው። ባለፈው ሳምንት የእቁብ ብሯን እንዳወጣች ሰማሁ። ‹ሻንጣ ልኮልኛል፤ ጉምሩክ ይዞታል፤ ለትራንዚተሩ 85 ሺህ ብር መክፈል አለብኝ፤ ከዚያ መጥቶ ያገባኛል› ብላ ለአክስቴ ነግራታለች። ለእኔ አይደለም፣ ለአክስቴ! ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ በአጭሩ ልመልስልሽና ወደ ረጅሙ ልግባ። ጄኔራል የለም። ሻንጣም የለም። የሞተች ሚስትም፣ አዳሪ ትምህርት ቤት የገባች ልጅም የለችም። ፎቶግራፉ የሌላ ሰው ነው፤ ምስኪኑ ባለፎቶ እናትሽ መኖራቸውንም አያውቅ። ከዚህ ሁሉ ተረት ውስጥ እውነት የሆነችው 85 ሺዋ ብር ብቻ ናት። የጉምሩክ ቀረጥ የሚከፈለው ለመንግሥት ነው፤ በማያውቁት ግለሰብ የግል ሒሳብ ላይ «ቶሎ አስገቢ» ተብሎ አይከፈልም። ብሩ ገና እጃቸው ላይ ከሆነ ጋዜጣውን አስቀምጪና አሁኑኑ ወደ እናትሽ ሂጂ። የቀረውን ኋላ ታነቢዋለሽ።

ግን አንቺም ይኼን ሳታውቂው ቀርተሽ አይመስለኝም የጻፍሽልኝ። «አንተ ቆንጆ ነህ» ሲላቸው ገና ነቅተሽበታል። የከነከነሽ ሌላ ነው። «ለእኔ አይደለም፣ ለአክስቴ!» ያልሻት ነገር ናት። እኔንም እንቅልፍ የነሳችኝ እሷው ስለሆነች ዛሬ እሷ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

እስቲ በቅድሚያ ይኼ «ጄኔራል» እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ሥራ ነው ስላችሁ እንዳትስቁ። ሥራ ነው! በብዙ ቦታ ፈረቃ አለው፣ አለቃ አለው፣ ምን መቼ እንደሚባል አስቀድሞ የተጻፈ ነገር አለው።

መጀመሪያ ፎቶ ይሰረቃል። መልከ መልካም ሸበቶ ሆኖ ወታደር፣ ወይ ሐኪም፣ ወይ ደግሞ ባሕር ላይ ነዳጅ የሚያወጣ መሐንዲስ። ለምን እነዚህ? ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች «እስቲ ብቅ በል» ሲባሉ ላለመምጣት፣ «በቪዲዮ እንተያይ» ሲባሉም «ኔትወርክ የለም» ለማለት የማያሳፍር ሰበብ አላቸው። ሚስቱ ደግሞ የግድ መሞት አለባት። ፈታሁ ቢል «ለምን ፈታ?» ይባላላ! የሞተችበት ሰው ግን ያሳዝናል፤ ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ ሐዘኑን ታውቀዋለች።

ከዚያ ቶሎ ብሎ ከፌስቡክ ወደ ዋትስአፕ ወይም ቴሌግራም ይወስዳታል። ፌስቡክ ነቅቶበት ገጹን ቢዘጋበት እንኳ ሴትየዋ እንዳታመልጠው ነው። ከዚያ ወሬው ይጀመራል። ወሬው ታዲያ ስለ ገንዘብ እንዳይመስላችሁ! ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ስለ ገንዘብ ትንፍሽ አይልም። «እንዴት አደርሽ? ቁርስ በላሽ? የደም ግፊት መድኃኒትሽን ዋጥሽ? ያ ጉልበትሽ ዛሬ እንዴት ነው?» ይኼው ነው።

ቆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እናታችሁን «ጉልበትሽ እንዴት ነው?» ብላችሁ የጠየቃችኋት መቼ ነው? እኛ ቤት ስንገባ የምናውቃት ጥያቄ «ምሳ ምንድነው?» ናት። ከዚያ ስልካችንን ይዘን ወደ መኝታ ቤት። ሰውየው ውሸታም ነው፤ ጥያቄው ግን የእውነት ጥያቄ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ «እንዴት አደርሽ?» የሚል ድምፅ አጠገቧ ያልሰማች ሴት፣ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ያቺ መልእክት ስትገባላት የሚሰማትን እኛ ገና አናውቀውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ነገር ነው። «ይኼ በእኛ መካከል ይቆይ» ይላታል። «ልጆችሽ አይረዱንም። በዕድሜሽ ይስቁብሻል።» ልብ በሉ፣ ይኼን የሚላት እናንተ ገና ምንም ሳታውቁ ነው። እናንተስ ባወቃችሁ ቀን ምን ታደርጋላችሁ? ትስቃላችሁ! ሙድ ትይዛላችሁ! ለእህታችሁ ታሳያላችሁ! እናላችሁ በዚያች ደቂቃ እናትየው ፊት እሱ እውነተኛ ነቢይ ሆነ፤ እናንተ ደግሞ ባዕድ። ከዚያ በኋላ «እማዬ፣ ሰውየው ሌባ ነው» ብትሉ ማን ይሰማችኋል? «እሱ እኮ እንዲህ እንደምትሉ ነግሮኛል» ነው መልሱ። እህቴ፣ እናትሽ ለአክስትሽ የነገሩት ለዚህ ነው።

ገንዘቡ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ ትንሽ መፈተኛ ናት፤ የስልክ ካርድ፣ የልጅቱ የልደት ስጦታ። እሱን ከሰጠች ሻንጣው ይላካል፤ ወይም ሰውየው ይታመማል፤ ወይም ይታሰራል። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን የሚባለው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ከደረሱት አቤቱታዎች በብዛት የተነገረውን ውሸት ለይቶ ነበር። አንደኛ የወጣው «እኔ ወይም የቅርብ ሰው ታሟል፣ ተጎድቷል፣ ወይም ታስሯል» የሚለው ነው፤ 24 ከመቶ። «ሩቅ ያለሁ ወታደር ነኝ» እና «አንድ የተላከ ዕቃ እንዳወጣ እርጂኝ» እያንዳንዳቸው 18 ከመቶ ይዘዋል። አያችሁ? የእናታችን ጄኔራል ሁለቱን ባንድ ላይ ነው የያዘው! በዚያው ዓመት ለዚሁ መሥሪያ ቤት ያመለከቱት ተጎጂዎች 70 ሺህ ገደማ ሲሆኑ የጠፋው ገንዘብ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነው። ያውም ያመለከተው ብቻ ነው። ስንቱ በሐፍረት አንገቱን ደፍቶ እንደቀረ ገምቱት።

በነገራችን ላይ ስለ አሜሪካ ወታደር ካነሳን፣ የአገሪቱ ጦር የወንጀል መርማሪዎች ይኼን ነገር ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። ወታደር ፈቃድ ለመውጣት፣ ለመታከም ወይም ለመብላት ከኢንተርኔት ወዳጁ ገንዘብ አይለምንም። ጄኔራል ደግሞ ይቅርና!

«እናቴ ፋራ ስለሆነች ነው» የምትሉ አራዶች እስቲ ይኼን ስሙ። አንድ እንግሊዛዊ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ነበሩ። በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ፣ 68 ዓመታቸው፣ ትዳራቸውን የፈቱ። በኢንተርኔት ከአንዲት ዝነኛ የዋና ልብስ ሞዴል ጋር «ተዋወቁ»። በጽሑፍ ብቻ ተዋደዱ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ላይ ሊያገኟት ቦሊቪያ ድረስ በረሩ። እሷ የለችም፤ «ሌላ ቦታ ሥራ ጠርቶኝ ሄድኩ፤ ሻንጣዬን ግን ይዘህልኝ ና» ተባሉ። ሻንጣውን አንድ ሰው አምጥቶ ሰጣቸው። ቦነስ አይረስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲፈተሽ ሁለት ኪሎ ኮኬይን! ተታልያለሁ ቢሉም የአርጀንቲና ፍርድ ቤት 4 ዓመት ከ8 ወር ፈረደባቸው። እውነተኛዋ ሞዴል ደግሞ ስለ ነገሩ ምንም አታውቅም ነበር። የአጽናፈ ዓለሙን አፈጣጠር የሚመራመር ጭንቅላት በአንዲት ሻንጣ ተታለለ። ብቸኝነት ዲግሪ አያይም።

ሁለተኛው ታሪክ የፈረንሳይ ነው። አንዲት የ53 ዓመት ሴት፣ ስሙን የማያውቅ ከሌለ የሆሊውድ ተዋናይ ጋር ፍቅር ይዟት 830 ሺህ ዩሮ አጣች። አጭበርባሪዎቹ መጀመሪያ የቀረቧት የተዋናዩ እናት ነኝ ብለው ነበር። ኋላ ላይ ራሱ «ተዋናዩ» መጣ። ኩላሊቱን ታሞ፣ በፍቺ ክርክር የባንክ ሒሳቡ ታግዶበት! ሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛበትን ፎቶ ሁሉ ልኮላታል፤ ኮምፒዩተር የፈጠረው ፎቶ ነው። አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። ይቺ ሴት ልጅ አለቻት፤ በእናንተ ዕድሜ ያለች ወጣት። ከዓመት በላይ «እማዬ፣ ተይ» ብላ ለምናታለች። አልሰማቻትም። ነገሩ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በቴሌቪዥን ሲቀርብ ደግሞ አገር ምድሩ በሴትየዋ ላይ ሳቀ። ሳቁ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ ጣቢያው ፕሮግራሙን ለማንሳት ተገደደ። አሁን በዚያች ሰሞን እዚያው ፈረንሳይ ውስጥ ሌላ «ተዋናይ» ወይም ሌላ «ጄኔራል» የያዛት ሴት ሶፋዋ ላይ ቁጭ ብላ ያን ሳቅ ስታይ ምን የምትወስን ይመስላችኋል? ለማንም አልናገርም፣ ነዋ!

ወደ እኛ ቤት እንመለስ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር አለ። ድሮ ሰው ሲጋባ ስንት ነገር ይጣራ ነበር! የማን ልጅ ነው? አገሩ የት ነው? እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሽማግሌ ይላካል፤ ሽማግሌው ይመለሳል፤ ዳግመኛ ይላካል። እናቶቻችን ራሳቸው በዚህ ወንፊት ተነፍተው ነው የተዳሩት። ታዲያ በስልክ የመጣውን ሰውዬ ለምንድነው ሳያጣሩት የቀሩት? እኔ እንደሚመስለኝ ፋራ ስለሆኑ አይደለም። አጣሪው ስለጠፋ ነው! ያን ጊዜ የሚያጣራው ሙሽራዋ ሳትሆን ቤተ ዘመዱ ነበር። እሷ ልቧ ቢሸፍትም አጎት አለ፣ አክስት አለች፣ ጎረቤት አለ። አሁን ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ አንዲት ሴትና አንድ ስልክ ብቻ ናቸው።

ታዲያ ሽማግሌውን እንመልሰው! ይኼ ቀልድ አይደለም። «የእኔ ጌታ፣ እኛ አገር ልማድ አለ፤ እስቲ ሁለት ሽማግሌ በአካል ላክልኝ» ይባል። እውነተኛ ሰው፣ ፈረንጅም ቢሆን፣ ደስ ብሎት የሚያውቀውን ሰው ይልካል፤ እሱም ይመጣል። ሌባው ግን ወይ ይቆጣል፣ ወይ ያለቅሳል፣ ወይ የሚላከው ሽማግሌ የአውሮፕላን ትኬት ይጠይቃል!

በቪዲዮ ታይቷል ብላችሁም እንዳትዘናጉ። ያ ዘመን አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኦክቶበር ላይ የሆንግ ኮንግ ፖሊስ 27 ሰዎችን ያሰረው በኮምፒዩተር በተቀየረ ፊት ጭምር እያታለሉ 46 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰብስበዋል በሚል ነው። አማርኛውም ነገ ይስተካከላል፤ «አንተ ቆንጆ ነህ» የሚለው ስሕተት ሁልጊዜ አያድነንም። ሰውየውም ሁልጊዜ ፈረንጅ ሆኖ አይመጣም። ነገ «ቨርጂኒያ የምኖር ሐበሻ ነኝ፤ ሚስቴ ሞታብኝ የአገሬን ልጅ ፈልጌ ነው» ብሎ ቢመጣስ? አሜሪካ ያለችው አክስታችሁም ብትሆን ዶላር አላት፤ ብቸኝነትም አላት። እሷን የሚጠይቋት ብዙ ጊዜ የስጦታ ካርድ ገዝታ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስታ እንድትልክ ነው፤ ወይም በክሪፕቶ። ሁለቱም አንዴ ከሄዱ ለመመለስ እጅግ አስቸጋሪ ናቸው፤ የተመረጡትም ለዚሁ ነው።

እህቴ፣ አሁን «ምን ላድርግ?» ወዳልሽው ልምጣ። ስልካቸውን አትቀሚ። የስልኩን መክፈቻ እንዲነግሩሽም አታስጨንቂ። «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» የምትለዋን ተረትም ለሌላ ጊዜ አቆያት፤ እዚህ ቦታ መከራው የሚመክረው ያንቺኑ ቤት አፍርሶ ነው። ይልቅ ቡና አፍዪና ከጎናቸው ተቀመጪ። «እማዬ፣ የዚያን ቀን የሳቅሁት ልክ አልነበረም» በያቸው። ከዚያ ስለ ሰውየው ጠይቂያቸው። እንደ መርማሪ አይደለም፤ እንደ ሚዜ! ስሙ ማነው? የት ተወለደ? ምን ይወዳል? ምን ብሎሽ ነው ልብሽ የሸፈተው? ያውሩ። ሲያወሩ ራሳቸው የሚሰሙት ነገር ይኖራል። ተረቱ በስልክ ሲነበብ ጣፋጭ ነው፤ በአፍ ሲነገር ግን ስፌቱ ይታያል።

ከዚያ አብራችሁ አጣሩ። ፎቶውን በጎግል ሌንስ አስገብታችሁ ፈልጉት፤ ብዙ ጊዜ ያው ሽበታም በሌላ ስም፣ በሌላ አገር ይገኛል። (ካልተገኘ ግን እውነት ነው ማለት አይደለም፤ የተፈጠረ ፎቶ ሊሆን ይችላላ።) ስለ ሻንጣው ደግሞ ቀላል መንገድ አለ። እናትሽን ይዘሽ በአካል ጉምሩክ መሥሪያ ቤት ሂጂና «በዚህ ስም የመጣ ዕቃ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንቺ «ውሸት ነው» ከምትያቸው፣ መስኮቱ ጋ ያለው ሰው «የለም» ቢላቸው ይሻላል። የአክስትሽንም ነገር አትርሺ። እናትሽ አንድ ሰው መርጠው ነግረዋል፤ ይኼ ትልቅ ዕድል ነው። አክስትሽን ተቀናቃኝ አታድርጊያቸው፤ አብረሽ ሥሪ። በቤታችሁም አንድ ደንብ ይውጣ፤ ከዚህ በኋላ በስልክ ለተዋወቁት ሰው አንቺም ሆንሽ እሳቸው አንድ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ለአንድ የቤት ሰው ይነገር። አንቺም ጭምር! ምክንያቱም እኛም ነቄ ነን ብንል አንተርፍም። የዚያው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት የ2021 አኃዝ እንደሚያሳየው ከ18 እስከ 29 ዓመት ያሉትም ተበልተዋል፤ ልዩነቱ የወጣቶቹ መካከለኛ ኪሳራ 750 ዶላር ሲሆን ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ግን 9 ሺህ ዶላር መሆኑ ነው። እኛ የምናጣው የኪስ ገንዘብ ነው፤ እነሱ የሚያጡት የጡረታቸውን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ላውጣው። እናትሽ ማግባት ቢፈልጉስ? ሰማሽኝ? ጄኔራሉን ሳይሆን፣ የምር ሰው። እኛ አገር ሚስቱ የሞተችበት ወንድ «ማን ያብስልለት? ማን ይጠብቀው?» እየተባለ ጎረቤቱ ሁሉ ሚስት ይፈልግለታል። ባሏ የሞተባት ሴት ግን «ልጅ ድራ፣ የልጅ ልጅ ስማ፣ ከእንግዲህ ምን ቀራት?» ትባላለች። ምን ቀራት?! ሕይወት ነዋ የቀራት! አንቺ እንዳልሽው እናትሽ 58 ዓመታቸው ነው፤ ገና ብዙ ዘመን ሊኖሩ ይችላሉ። በዕድር፣ በማኅበር፣ በጎረቤት ደህና ሰው ቢገኝ «አሳፋሪ ነው» የሚለው ማነው? አንደኛ የምንለው እኛው ልጆች ነን። በሩን ስንዘጋው በመስኮት የገባው ሌባ ነው እንግዲህ።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ፣ በተለይ ወንዶቹ፣ በእናታችሁ ስልክ ገብታችሁ ያን ሰውዬ ልክ ልኩን መንገር ያምራችሁ ይሆናል። ይቅርባችሁ። አንደኛ እናታችሁ ዳግመኛ አያምኗችሁም። ሁለተኛ፣ ከወዲያ ማዶ ያለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በገዛ ፈቃዱ የሚሰርቅ ቀማኛ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹም ናቸው። ግን ደግሞ የሰፈራችሁ ልጅም ሊሆን ይችላል። አልቀለድኩም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ባወጣው ሪፖርት በማይናማር ቢያንስ 120 ሺህ፣ በካምቦዲያ ደግሞ 100 ሺህ ያህል ሰዎች ተገደው የኢንተርኔት ማጭበርበር ሥራ ውስጥ ሳይሆኑ እንዳልቀረ ገምቷል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ከማይናማር ወጥተው ታይላንድ ከገቡ 260 ሰዎች መካከል ትልቁን ቁጥር የያዙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

እንዴት እዚያ ደረሱ? በማስታወቂያ! «ታይላንድ፣ የኮምፒዩተር ሥራ፣ ጥሩ ደመወዝ፣ ትኬት እኛ እንችላለን»። ሲደርሱ በመኪና ድንበር ይሻገራሉ፤ ፓስፖርት ይነጠቃል፤ ስልክ ይሰጣል፤ ስልኩ ላይ የቆንጆ ሴት ወይም የሸበቶ ሰው ፎቶ አለ። ከዚያ ቀን ከሌት ሩቅ አገር ላለ ብቸኛ ሰው «እንዴት አደርሽ፣ ቁርስ በላሽ?» እያሉ መጻፍ ነው። የተመደበለትን ካላገኘ ድብደባ አለ፤ ከዚያ ያመለጡት በኤሌክትሪክ ጭምር እንደሚቀጡ ተናግረዋል። የእናቱን ጉልበት ጠይቆ የማያውቅ ልጅ እዚያ ሄዶ የሰው እናት ጉልበት እየጠየቀ ይውላል። እንዲህ ያለ የሥራ ማስታወቂያ በቴሌግራም ሲመጣላችሁ በሕጋዊ መንገድ የተመዘገበ ኤጀንሲ መሆኑን ሳታጣሩ ንቅንቅ እንዳትሉ። የሁለቱ ማጥመጃ ክሩ አንድ ነው፤ እናታችሁን በፍቅር፣ እናንተን በሥራ።

እህቴ፣ ምናልባት ይኼን ስታነቢ ብሩ ተከፍሎ ቢሆንስ? እንግዲያው አትጩኺ፤ ጊዜ የለሽም። በዚያችው ሰዓት ወደ ባንኩ ሂዱ፤ ብሩ ከገባበት ሒሳብ ገና ካልወጣ ሊታገድ ይችላል። ከዚያ ፖሊስ ጋ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር ማታለልንም ሆነ የሰውን ማንነት መስረቅን በወንጀል ይቀጣል፤ ስለዚህ «ይኼ ምን ወንጀል ነው፣ ራሷ ናት የሰጠችው» የሚል ካጋጠማችሁ አዋጁን ጥሩለት። እናትሽ በሐፍረት መልእክቶቹን ሊያጠፉ ይፈልጉ ይሆናል። እንዳያጠፉ! «የእኔ ንግሥት» የሚለው ሳይቀር ማስረጃ ነው። የትራንዚተሩ ነኝ ባይ ስም፣ የስልክ ቁጥሩ፣ የሒሳብ ቁጥሩ፣ ደረሰኙ፣ ሁሉም ይቀመጥ። ሰውየው «ከአንድ ወዳጄ ብር ይገባልሻል፤ ለሌላ ሰው አስተላልፊልኝ» ብሏቸው ያውቅ እንደሆነም ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው። እንዲህ ካለ የሌላ ተጎጂ ብር በእሳቸው ሒሳብ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ፖሊስ መጥቶ ከሚጠይቃቸው ራሳቸው ቀድመው ቢናገሩ ይበጃል።

ደግሞ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ሰው ይደውል ይሆናል። ድምፁ የተረጋጋ፣ ንግግሩ የሕግ። «እኅቴ፣ የደረሰብሽን ሰምቻለሁ፤ አጭበርባሪዎቹ ተይዘዋል፤ ብርሽ እንዲመለስ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ...» ይላል። የተበሉ ሰዎች ስም ዝርዝር ከሌባ ወደ ሌባ ስለሚሸጥ ነው የሚያውቃቸው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ያው ጄኔራሉ ራሱ ነው፤ ማዕረጉን አውልቆ ጠበቃ ሆኖ የመጣ።

በሉ፣ ሳምንት ያገናኘን!